ልጃችን ዛሬ ስንት ሰው “ገደለ”? ወላጆች ስለ ውጊያ ጌሞች ማወቅ ያለባቸው



ርዕሱን ስታዩ ደንግጣችሁ ይሆናል። ጥያቄው ግን የቀልድ አይደለም። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን እንደያዘ ወደ ጌም ቤት ጎራ የሚል፣ ወይም ማታ የእናቱን ስልክ ተቀብሎ ጥግ የሚይዝ ልጅ በቤታችሁ ካለ፣ ይህ ልጅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ወታደር መትቶ ሊጥል ይችላል። እርሱም ደጋግሞ ይሞታል፤ ደጋግሞም ይነሣል። ከዚያ “እራት ቀርቧል” ሲባል ስልኩን አስቀምጦ እጁን ይታጠባል። እኛም “ልጁ ቤት ነው፣ ከመጥፎ ጓደኛ ጋር አልዋለም” ብለን እናመሰግናለን።

ታዲያ ነገሩ ምንድን ነው? አንዳንዶቻችን ገና ስሙን ስንሰማ “ይህማ የሰይጣን ነው” ብለን እንዘጋዋለን። ሌሎቻችን ደግሞ “ጨዋታ አይደል እንዴ! ምን ያካብዳል?” ብለን እናልፈዋለን። ሁለቱም መልስ ነገሩን ካለማወቅ የሚመጣ ነው። ልጆቻችን የሚያውቁትን እኛ ሳናውቅ ብንመክራቸው ደግሞ አይሰሙንም። ስለዚህ ከመፍረዳችን በፊት ነገሩ ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደሚሠራና ለእኛ ልጆች ምን ትርጉም እንዳለው አብረን እንመልከት።

ሳንቲም የሚውጠው ሣጥን

ዛሬ በስልክ የምናየው የተኩስ ጨዋታ መነሻው ሳንቲም የሚከተትበት ትልቅ ሣጥን ነው። በአሜሪካና በጃፓን ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየመዝናኛ ቤቱ ቁመቱ የሰው ያህል የሆነ ማሽን ይቆም ነበር። ሳንቲም ትከትታላችሁ፣ ጥቂት ደቂቃ ትጫወታላችሁ፣ ስትሸነፉ ሌላ ሳንቲም ይጠይቃችኋል።

በ1978 (እ.ኤ.አ.) ታይቶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ “ስፔስ ኢንቬደርስ” የተባለውን ጨዋታ አወጣ። የሠራው ሰው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ይባላል። በዚህ ጨዋታ የሚተኮሰው በሰው ላይ ሳይሆን ከሰማይ በሚወርዱ እንግዳ ፍጥረታት ላይ ነው። ለምን መሰላችሁ? በጊዜው ሰው የሚተኮስበት ጨዋታ ማውጣት ትክክል አይደለም ተብሎ ስለታሰበ ነው። ልብ በሉ! የዚህ ዓይነት ጨዋታ መንገድ ጠራጊ የሆነው ሥራ ሲሠራ “በሰው ላይ አይሁን” የሚል ኅሊና ነበረ። ከዚያ በፊት በ1976 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የወጣው “ዴዝ ሬስ” በመኪና ሰው የሚመስሉ ምስሎችን የሚያስገጭ ስለነበረ ብዙ ተቃውሞ አስነሥቶ ነበር።

ያ ጥንቃቄ ግን ብዙ አልቆየም። በ1985 ካፕኮም “ኮማንዶ”ን፣ በ1986 ኤስኤንኬ “ኢካሪ ዋሪየርስ”ን፣ በ1987 ታይቶ ራሱ “ኦፕሬሽን ዎልፍ”ን አወጡ (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። በመጨረሻው ማሽን ላይ የመትረየስ ቅርጽ ያለው መሣሪያ ተገጥሞበታል። ተጫዋቹ መሣሪያውን በእጁ ይዞ በስክሪኑ ላይ የሚመጡትን ወታደሮች ይተኩሳል፤ ታጋቾችን ያስለቅቃል። ከ9 ዓመት በፊት “ሰው አይተኮስም” በተባለበት ቤት አሁን ዒላማው ሰው ሆነ ማለት ነው። በ1999 (እ.ኤ.አ.) ኮናሚ ያወጣው “ሳይለንት ስኮፕ” ደግሞ ባለ መነጽር የአልሞ ተኳሽ ጠመንጃ የተገጠመለት ሲሆን፣ በመነጽሩ ውስጥ ራሱን የቻለ ትንሽ ስክሪን ነበረው። ይህ ዓይነቱ ማሽን ዛሬም አልቀረም። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የወጣው “ሄሎ፡ ፋየርቲም ሬቨን” አራት ሰዎች ጎን ለጎን ሆነው በትልቅ ስክሪን ላይ የሚተኩሱበት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል አንዱ ለየት ይላል። በ1980 (እ.ኤ.አ.) አታሪ ያወጣው “ሚሳይል ኮማንድ” ከተሞችን ከሚወርድ ሚሳይል የማዳን ጨዋታ ነው። ምንም ያህል ጎበዝ ብትሆኑ በመጨረሻ ከተሞቹ ይወድማሉ። የማሸነፊያ መንገድ የለውም። ዴቭ ቶይረር የተባለው ሠሪው ጨዋታውን በሚሠራበት ጊዜ ስለ ኒውክሌር ጦርነት ቅዠት ያስቸግረው እንደነበረ ተናግሯል። ሠሪውን እንቅልፍ የነሣው ነገር ለሌላው የሳንቲም መዝናኛ ሆነ!

ሳንቲሙ እንዴት ይሠራል?

ይህን ክፍል ወላጆች በተለይ ልብ እንድትሉት እፈልጋለሁ።

የማሽኑ ባለቤት የሚያተርፈው በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ሳንቲም ሲገባ ነው። ስለዚህ ጨዋታው መጀመሪያ ላይ ቀላል ሆኖ ልጁን ያባብለዋል፤ ቀጥሎ ይከብድበታል፤ ከዚያ ይገድለዋል። ሲሞት ስክሪኑ ላይ ቁጥር ወደ ታች ይቆጠራል፤ 10፣ 9፣ 8… ከዜሮ በፊት ሌላ ሳንቲም ከከተተ ካቆመበት ይቀጥላል። ካልከተተ የለፋበት ሁሉ ይጠፋል። ይህ ሁሉ ታስቦበት የተሠራ ነው። የልጁ እልህ የማሽኑ ገቢ ነው።

“እኛ አገር እንዲህ ያለ ማሽን የት አለ?” ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሳንቲም የሚውጠው ሣጥን በአገራችን ብዙም አልተለመደም። በአዲስ አበባ እንደ ኤድና ሞል ባሉ የገበያ ማዕከሎች የልጆች መጫወቻ ስፍራዎች ተከፍተው ነበር፤ ወደዚያ የሚደርሰው ግን አቅም ያለው ቤተሰብ ልጅ ነው። ለብዙኃኑ ልጅ የማሽኑን ቦታ የያዘው ሰፈር ውስጥ ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ በር ላይ መጋረጃ። ከጎኑ ጆተኒ ወይም ፑል ይኖራል። ሳንቲሙ በማሽን ቀዳዳ ሳይሆን በአስተናባሪው እጅ ይገባል። በጨዋታ ወይም በደቂቃ ይከፈላል፤ ብዙ ጊዜም ተሸናፊው ይከፍላል። በብዙዎቹ ቤቶች ተወዳጁ ጨዋታ እግር ኳስ ነው። ሆኖም ኳሱ ሲሰለች የውጊያው ዲስክ ወይም ፋይል ይከፈታል።

ከዚያም ስልክ መጣ። “ፍሪ ፋየር” በ2017፣ “ፐብጂ ሞባይል” በ2018፣ “ኮል ኦፍ ዲዩቲ ሞባይል” በ2019 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) ወጡ። ሦስቱም በነጻ ይወርዳሉ። ነጻ ናቸው ማለት ግን ሳንቲም አይጠይቁም ማለት አይደለም። ለተጫዋቹ ልብስ፣ ለጠመንጃው ቀለም፣ ለልዩ ልዩ ጌጥ ገንዘብ ይጠይቃሉ። “ዛሬ ካልገባህ ሽልማትህ ያመልጥሃል” እያሉ በየቀኑ ይጠራሉ። የድሮው 10፣ 9፣ 8… ዛሬም አለ፤ መልኩን ቀይሮ ልጃችን ኪስ ውስጥ ገብቷል።

ወታደሩስ ስለ ጌም ምን አሰበ?

ይህ ጉዳይ የልጆች ነገር ብቻ አይደለም። በ1980 (እ.ኤ.አ.) አታሪ “ባትልዞን” የተባለ የታንክ ጨዋታ አወጣ። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ጨዋታውን ሲያይ ለብራድሌይ የውጊያ ተሽከርካሪ ተኳሾች ማሠልጠኛ እንዲሆን ተሻሽሎ እንዲሠራለት ጠየቀ። የጨዋታው ሠሪ ኤድ ሮትበርግ ለጦር ኃይል መሥራት ስላልፈለገ ቢቃወምም፣ በመጨረሻ ሌላ የወታደር ሥራ እንዳይሰጠው ተስማምቶ ሠራው። በ1996 የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር “ዱም” የተባለውን ጨዋታ ለራሱ ሥልጠና ለወጠው። በ2002 ደግሞ ጦር ሠራዊቱ “አሜሪካስ አርሚ” የተባለ ጨዋታ ራሱ አሠርቶ ወጣቶችን ለምልመላ ለመሳብ በነጻ አሰራጨ፤ ጨዋታው እስከ 2022 ቆይቶ ተዘግቷል (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ይህን የምነግራችሁ “ጌም የተጫወተ ሁሉ ወታደር ይሆናል” ለማለት አይደለም። ነገር ግን ጦር ሠራዊት ገንዘቡን ያወጣበትን ነገር እኛ “ምንም ተጽዕኖ የለውም” ብለን ልንንቀው አይገባም። ቢያንስ ቢያንስ ውትድርናን የሚያጓጓ ነገር አድርጎ የማሳየት ኃይል አለው።

ጥናቱ ምን ይላል?

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብን። ከመድረክ ላይ አንዳንዴ “ጌም የተጫወተ ልጅ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል” ሲባል እንሰማለን። ጥናቱ እንዲህ አይልም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማኅበር በ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ውሳኔ፣ ዓመፅ የበዛባቸው ጌሞች እንደ መጮህና መገፋፋት ካሉ ጠባዮች ጋር አነስተኛ ግንኙነት እንዳላቸው ገልጾ፣ ከከባድ ወንጀል ጋር ለማያያዝ ግን በቂ ማስረጃ እንደሌለ አስታውቋል። የማናውቀውን አጋነን ብንናገር ልጆቻችን ሐሰታችንን ቶሎ ይደርሱበታል፤ ያን ጊዜ እውነቱንም አይቀበሉንም።

በሌላ በኩል የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዘርዝሩ “የጌም ጨዋታ ሕመም” የሚባለውን አካቷል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ሰውየው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፤ ሁለተኛ፣ ጨዋታው ከትምህርት፣ ከሥራና ከቤተሰብ ሁሉ ሲቀድምበት፤ ሦስተኛ፣ ጉዳቱን እያየ እንኳ ሲቀጥልበት። ይህም ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ለ12 ወር የቆየ ሊሆን ይገባል። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰዓት የተጫወተን ልጅ “ሱሰኛ” ብላችሁ አትጥሩት። እንቅልፉን ያጣ፣ ከትምህርት የሚቀር፣ ለጌም ብሎ ከቤት ገንዘብ የሚያነሣ ልጅ ካላችሁ ግን ነገሩን በቀላሉ አትለፉት።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ጦርነት ጨዋታ አይደለም

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን እናገኛለን። ይህ አገር ጦርነትን በስክሪን ሳይሆን በደጁ ያውቀዋል። በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት ከመጽሐፈ መሳፍንት ታሪክ ስሙን በወሰደለት “የጊዴዎን ጦር” በጥቂት ሰው ብዙ መስሎ እየታየ የጣሊያንን ሠራዊት ከቡሬ ምሽጉ አስለቅቆታል። የጎጃም አርበኞችም በየጫካው ተዋግተዋል።

የጎጃም ልጅ የውጊያ ጨዋታም አዲስ አይሆንበትም። እረኛ ከበቆሎ አገዳ ጠመንጃ ሠርቶ ይታኮሳል። በገና ሰሞን በገና ጨዋታ ሁለት ወገን ሆኖ ይፋለማል። በቡሬ ጎረቤት በአዊ ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ወጥተው ጉግስ ይጫወታሉ። ታዲያ የድሮው ጨዋታና የዛሬው ጌም ልዩነታቸው ምንድን ነው? ልዩነታቸው ይህ ነው፤ በጉግስና በገና ጨዋታ የምትገጥመው ሰው ፊት አለው፤ ስም አለው፤ የእገሌ ልጅ ነው። ቢጎዳ ትደነግጣለህ፤ ታነሣዋለህ። በጌሙ ውስጥ የሚወድቀው ወታደር ግን እናት የለውም፤ ለቅሶ የሚቀመጥለት የለም፤ ሬሳውም ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ከስክሪኑ ይጠፋል።

በገጠሩስ አንድ ሰው ሲገደል ምን እንደሚሆን የማያውቅ አለ? ነገሩ በአንድ ጥይት አያልቅም። ቂሙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ካሣ ተቆርጦ፣ ደም እስኪደርቅ ድረስ ሁለት ቤተሰብ በአንድ ገበያ መዋል ያቅተዋል። አባቶቻችን ከጀግንነት ፉከራው ጋር የእርቁንም ሥርዓት አስተምረዋል። ጌሙ ግን ፉከራውን ብቻ ይዞ እርቁን ትቶታል!

ከዚህም የከበደ ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት እነዚህ ከተሞች ተጎድተዋል። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም በደረሰ ፍንዳታ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የዜና ወኪሎች የሆስፒታል ባለሥልጣን ጠቅሰው ዘግበዋል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በዚያው ሰሞን በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በደብረ ብርሃን በሲቪሎች ላይ ጉዳት መድረሱን አስታውቋል። በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ቤት ውለዋል። ይህን ያዩ ልጆች ናቸው እንግዲህ ስልክ አንሥተው የጦርነት ጨዋታ የሚከፍቱት።

ወላጆች ሆይ፣ እንዲህ ያለውን ልጅ ከመቆጣታችሁ በፊት አስተውሉት። ጦርነትን ያየ ልጅ ያየውን በጨዋታ ደጋግሞ እንደሚያሳይ የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያዎች ያውቃሉ። በቃል መናገር ያቃተውን በጨዋታ ይናገራል ማለት ነው። ተጫውቶ የሚቀለው ልጅ አለ። ተጫውቶ የሚብስበትም አለ፤ በተኩሱ ድምፅ የሚደነግጥ፣ ሌሊት የሚባንን፣ ያንኑ ነገር ሳይሰለች ደጋግሞ የሚጫወትና ፊቱ የማይፈታ ልጅ ካያችሁ፣ ስልኩን መንጠቅ ብቻውን አይበቃም። “ያን ቀን ምን አየህ?” ብሎ የሚጠይቀው፣ እስኪጨርስም የሚሰማው ሰው ያስፈልገዋል። ከቻላችሁም በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል ባለሙያ አማክሩ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ. ሄዳችሁ እዩ። ልጃችሁ የሚጫወትበትን ቤት መጋረጃ ገልጣችሁ ግቡ። ከተቻለ ከጎኑ ተቀምጣችሁ አንድ ጨዋታ ተጫወቱ። ብትሸነፉም አታፍሩ፤ ልጁ በዚያ ቀን ከምትነግሩት ይልቅ ብዙ ይነግራችኋል።

2ኛ. የዕድሜ ምልክቱን አንብቡ። በአሜሪካ ከ1994፣ በአውሮፓ ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጌሞች የዕድሜ ደረጃ ይሰጣቸዋል። የአውሮፓው ምልክት 3፣ 7፣ 12፣ 16 እና 18 የሚሉ ቁጥሮች ናቸው፤ ልጁ ከዚያ ዕድሜ በታች ከሆነ አይመከርም ማለት ነው። አብዛኞቹ የ“ኮል ኦፍ ዲዩቲ” ጨዋታዎች 18 የሚል አለባቸው። በሰፈራችን ጌም ቤት በር ላይ ዕድሜ የሚጠይቅ ሰው ማግኘት ስለሚያስቸግር ጠያቂው እናንተ ሁኑ።

3ኛ. ጊዜውንና ገንዘቡን ወስኑ። ከጥናት በኋላ፣ ከመኝታ በፊት ያበቃ፣ በታወቀ ሰዓት ይሁን። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ተሸናፊ ይከፍላል የሚለው ልማድ ወደ ቁማር እንዳያድግ ተከታተሉ።

4ኛ. ማን እንደሚያናግረው እወቁ። በኢንተርኔት የሚጫወቷቸው ጌሞች ከማይታወቅ ሰው ጋር በድምፅ ያነጋግራሉ። የጥላቻና የስድብ ቃል የሚገባው ብዙ ጊዜ በዚህ በኩል ነው። የድምፅ ግንኙነቱን ማጥፋት ይቻላል።

5ኛ. ስለ ሞት በግልጥ ተነጋገሩ። “ይህ የመታኸው ሰው እውነተኛ ቢሆን ማን ያለቅስለት ነበር?” ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ ራሱ ጌሙ የሚጠይቅበትም አጋጣሚ አለ። በ2014 (እ.ኤ.አ.) በፖላንድ የተሠራው “ዚስ ዎር ኦፍ ማይን” የሳራዬቮን ከበባ መነሻ አድርጎ ተጫዋቹን በተኳሹ ሳይሆን ምግብና መድኃኒት በሚፈልገው ሲቪል ቦታ ያስቀምጠዋል። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴም በጌሞች ውስጥ የጦርነት ሕግ እንዲከበር፣ ሲቪልና ቁስለኛ እንዳይመታ ከጌም ሠሪዎች ጋር ሲሠራ ቆይቷል። ስለዚህ ሁሉም ጌም አንድ ዓይነት አይደለም።

6ኛ. ከልጁ ስትወስዱ ምትክ ስጡ። ጨዋታ የልጅ መብት ነው፤ ኢትዮጵያ በ1991 (እ.ኤ.አ.) የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ይህን ይደነግጋል። ገበጣ አለ፤ ኳስ አለ፤ ገና አለ። ስልኩንም ከፈለገ ቅኔ ጌምስ የተባለው የአገራችን ኩባንያ የሠራው “ኩኩሉ” አለ፤ ከአሳዳጇ ስለምታመልጥ ዶሮ የሚያጫውት ነው። ደም የለበትም፤ ሳቅ ግን አለበት።

7ኛ. ለቤተ ክርስቲያን መሪዎችና ለእሑድ ትምህርት ቤት አስተማሪዎች። ግቢያችን ከፕሮግራም በኋላ ለምን ይቆለፋል? አንድ ጆተኒ፣ አንድ የጠረጴዛ ቴኒስ፣ አንድ ኳስ ከስብከት ይልቅ ልጁን ከጌም ቤት የሚያወጡበት ቀን አለ። የጌም ቤቱን ባለቤትም እንደ ጠላት አትዩት። እርሱም እንጀራውን የሚያበስል ጎረቤታችን ነው። “በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ አታስገባ፤ ለትንንሾቹ የውጊያውን አትክፈት” ብላችሁ በአክብሮት ብታነጋግሩት የሚሰማ ብዙ ነው።

ወገኖቼ፣ ፍኖተ ሰላም በግዕዝ “የሰላም መንገድ” ማለት ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ (ምዕራፍ 2) ሕዝቦች የጦር መሣሪያቸውን ቀጥቅጠው የእርሻ መሣሪያ ስለሚያደርጉበት፣ ውጊያንም ስለማይማሩበት ቀን ተናግሯል። ውጊያን “መማር” የሚባል ነገር ካለ ሰላምንም መማር አለ ማለት ነው። የእርሻ አገር የሆነው የምዕራብ ጎጃም ልጅ ከበቆሎ አገዳ ጠመንጃ መሥራቱን ከማንም ሳይማር ያውቀዋል። ከጠላት ጋር መታረቅን፣ የወደቀውን ማንሣትን፣ የሰው ደም ውድ መሆኑን ግን ካላስተማርነው ከየትም አያገኘውም። ይህን የሚያስተምረው ማሽን እስካሁን በየጌም ቤቱ አልተተከለም፤ ያለነው እኛው ነን።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጃችሁ ስልኩን ይዞ ጥግ ሲይዝ አትጩኹበት። አጠገቡ ተቀመጡና “እስቲ አሳየኝ” በሉት።

ጌታ ማስተዋሉን ይስጠን። ለምድራችንም ሰላሙን ያብዛልን።